ጉቶ ላይ የበቀለውን እንጉዳይ እንዴት እንለየው?

(በሬዲዮ ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች የተነገረ፤ ለንባብ እንዲመች የታተመ)

 

እኔ በጥሊሊ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆቻችሁን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ፊደል የለዩ ትልልቅ ሰዎችን አስነብባለሁ። የዛሬው ነገራችን ስለ እንጉዳይ ነው። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ በመካከሉ የምንጽፈው አለን። ይህን ንግግር ከወረቀት የምታነቡም አትቸኩሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ቆም በሉ፣ ገብቷችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

እንጉዳይ ስል ብዙ ሰው «የጅብ ጥላ» የሚለውን ማለቴ ነው። በአዊኛ ምን እንደሚባል ከቤታችሁ ትልልቅ ሰዎች ጠይቁና በደብተራችሁ ዳር ጻፉት። አዊኛም የሚጻፈው በዚሁ በፊደላችን ነው።

ስለ እንጉዳይ ሁሉ አናወራም። ከመሬት የሚበቅል አለ፣ ከፍግ ላይ የሚበቅል አለ፣ በቆላው አገር ከኩይሳ ላይ የሚበቅል አለ። የዛሬው ጉቶ ላይ የሚበቅለው ነው።

በእኛ አካባቢ ጉቶ ሞልቷል። ከጥሊሊ እስከ እንጅባራ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ፋግታ ለኮማ ድረስ ብትሄዱ ዲከረንስ ተተክሎ ታያላችሁ። ዲከረንስ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፤ ከሰል ይሆናል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ባሕር ዛፉም ይቆረጣል። በየአጥሩ ሥር ደግሞ የጥድ፣ የብሳና፣ የወይራ ጉቶ አይጠፋም። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሡ ያ ደረቅ ጉቶ በቆብ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ።

ወቅቱ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። ሽሮ የሰለቸው ሰው ዓይኑ ወደዚያ ጉቶ መሄዱ አይቀርም። እረኞች ልጆችም አሉ፤ እሳት ካገኙ የማይጠብሱት ነገር የለም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት፣ የማታ ተማሪያችን ናቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አንድ እፍኝ እንጉዳይ አመጡ። «መምህር፣ በከተማ በየሆቴሉ እንጉዳይ ይበላል ይባላል። የልጅ ልጆቼም ከጉቶ ላይ ለቅመው እንጥበስ እያሉ አስቸገሩኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ይኸ ይበላል ወይስ አይበላም?» አሉኝ።

«እማማ፣ በዓይኑ ብቻ አይቶ ይበላል የሚልዎት ሰው ካለ አይመኑት። እኔም ብል አይመኑኝ» አልኳቸው።

ያመጡትን ግን አልጣልነውም። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ክፍሉ ሁሉ ከበበው። ከዚያ እንደ ጽሑፍ ምልክት በምልክት አነበብነው። ዛሬ ከእናንተም ጋር የማደርገው ይኸንኑ ነው።

በመጀመሪያ እንጉዳይ ተክል አለመሆኑን እወቁ። አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ ከፀሐይ ምግብ አይሠራም። የሚኖረው ሌላውን በልቶ ነው። እኛ የምናየው ቆብ ፍሬው ነው። ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ከጥጥ ፈትል የቀጠነ ክር ሆኖ እንጨቱን ሰርስሮ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ሆኖ እንጨቱን ይበላል። እርጥበት ሲያገኝ ፍሬውን ወደ ውጭ ያወጣል። ኮክ ብትለቅሙ ዛፉ እንደማይሞት ሁሉ፣ ቆቡን ብትቆርጡት ክሩ ውስጥ ይቀራል። በሚመጣው ክረምት ከዚያው ጉቶ ተመልሶ ይወጣል። ጉቶን ጉቶ አድርጎ የማያስቀረው፣ አበስብሶ አፈር የሚያደርገው እንጉዳይና ዘመዶቹ ናቸው።

አሁን እንጻፍ። ስድስት ቃላት ናቸው፦ ጉቶ፣ ቆብ፣ ገጽ፣ እግር፣ አምባር፣ ዱቄት። ጻፋችሁ? እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጉቶ። የምን ዛፍ ነው? ዲከረንስ ነው፣ ጥድ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው? ገና ጠንካራ ነው ወይስ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ? ይኸን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እንጉዳይ የሚበላውን እንጨት ይመርጣልና። ሌላም ነገር አለ። ጉቶው አጠገብ ከሣሩ መካከል የበቀለ እንጉዳይ፣ ከአፈር የወጣ ይመስላል እንጂ ከተቀበረ ሥር ላይ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ከጉቶ የወጣ የመሰላችሁ ከአፈር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትንቀሉት፤ በቢላዋ ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡት። እግሩ ሥር የተሰነጠቀ እንቁላል የመሰለ ነጭ ከረጢት ካያችሁ እዚያው ተዉት። በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው እንጉዳይ ይኸን ዓይነት ከረጢት አለው። እርሱ የሚበቅለው ከእንጨት ላይ ሳይሆን ከዛፎች ሥር ካለ አፈር ነው፤ ነገር ግን ጉቶው አጠገብ ቆሞ ብታገኙት ምኑን ታውቃላችሁ?

ቆብ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቆቡን ነው፤ ከቆቡም ቀለሙን። እኔ ደግሞ ቀለሙን መጨረሻ እዩት እላለሁ። ቀለም ያታልላል። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ጠዋት ማር የመሰለው ማታ ቡላ ይሆናል። ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹን እዩ። መካከሉ ላይ ትንንሽ ቅርፊት አለው? ዳሩ መስመር መስመር አለው? ሲነኩት ያሙለጨልጫል ወይስ ደረቅ ነው?

ገጽ። አሁን ገልብጡት። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ነገሮች ታያላችሁ። እኔ ገጽ ያልኩት እነርሱን ነው። ከእግሩ ጋር ተጣብቀዋል ወይስ ሳይደርሱ ቀርተዋል? ወይስ በእግሩ ላይ ወደ ታች ወርደዋል? አንዳንዱ እንጉዳይ ገጽ የለውም፤ በገጽ ፋንታ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ አለው። ከግንድ ጎን እንደ መደርደሪያ የሚወጣው፣ እንደ እንጨት የጠነከረው፣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ለእርሱ አትጨነቁ፤ ማንም አያኝከውም።

እግር። ከቆቡ መካከል ወርዷል ወይስ ከጎን? ለብቻው ቆሟል ወይስ ከአንድ ሥር ብዙ ሆነው እንደ ችቦ ታስረው ወጥተዋል?

አምባር። እንጉዳዩ ልጅ ሳለ ገጾቹን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለው። ቆቡ ሲዘረጋ ልባሱ ይቀደድና እግሩ ላይ እንደ አምባር ይቀራል። ሁሉም የለውም። የነበረውም በዝናብ ሊወድቅበት ይችላል። ስለዚህ አምባር ማየት ምልክት ነው፤ አምባር አለማየት ግን ብቻውን ምንም አይነግረንም።

እስቲ እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ጻፉልኝ። «በላ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ «ባላ» ብላችሁ ጻፉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የአንዲት ፊደል እግር ናት። «በ» ሁለቱ እግሮቿ እኩል ናቸው፤ «ባ» አንደኛው እግሯ አጥሯል። በዚች ብቻ ጎረሰ የሚለው ቃል ጎጆ የሚደግፍ እንጨት ሆነ። ጀማሪ አንባቢ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ሌላውን በግምት ይጨርሳል። በንባብ ይኸ ቢሆን ያስቃል እንጂ ጉዳት የለውም። በእንጉዳይ ግን ቆቡን አይቶ ሌላውን በግምት የጨረሰ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ስድስተኛውን ቃል፣ ዱቄቱን፣ ጥቂት አቆየዋለሁ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ጉቶ ላይ ተገኝቶ በሊቃውንት ስለ ተለየ አንድ እንጉዳይ ልንገራችሁ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 እና በ2001፣ በእኛ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ኢትዮጵያዊው የደን በሽታ ተመራማሪ ዓለሙ ገዛኸኝ እና በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ የተተከሉ ደኖችን ዞረው አዩ። በሙነሳ ሻሸመኔ፣ በወንዶ ገነትና በጅማ አካባቢ ሥራቸው እየበሰበሰ የሚሞቱ ዛፎች አገኙ። ከውጭ የመጣ ፓይን ነበረበት፤ ከአገራችን ግራሮችም አንዱ ነበረበት። በአገራችን ጥድ ጉቶ ላይ ደግሞ የእንጉዳዩን ፍሬ አገኙ።

የዚህ እንጉዳይ ወገን አርሚላሪያ ይባላል። ቃሉ ረጅም ነው፤ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩት፦ አር፣ ሚ፣ ላ፣ ሪ፣ ያ። ከላቲን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ከአምባር ጋር የተያያዘ ነው፤ እግሩ ላይ ስላለው አምባር። እኛም ባለ አምባሩ እንበለው። እንግሊዞች የማር እንጉዳይ ይሉታል። ስለ ጣዕሙ አይደለም፤ ስለ ቀለሙ ነው።

ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ በቡናና በሌሎች ዛፎች ላይ ይኸ በሽታ ሲገኝ፣ እንጉዳዩ በአውሮፓ የሚታወቀው ባለ አምባር ነው ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በመልክ ይመሳሰላላ! እነ ዓለሙ ገዛኸኝ ግን በመልክ ብቻ አልረኩም። ፍሬውን በመሣሪያ አጉልተው አዩ፤ የዘር ምልክቱን በላቦራቶሪ መረመሩ። የአውሮፓው አልነበረም። አርሚላሪያ ፉስኪፔስ የሚባለው፣ በኬንያ፣ በዚምባብዌና በደቡብ አፍሪካ የሚታወቀው ሆኖ ተገኘ። ስሙን ያወጣለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1909 በስሪ ላንካ የነበረ ቶማስ ፔች የተባለ የእንጉዳይ ሊቅ ነው። ፉስኪፔስ ማለት እግሩ የጠቆረ ማለት ነው። የእነ ዓለሙ ጥናት በ2004 በፈረንጅ፣ በ1996 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ሊቃውንቱም እንኳ መልኩን አይተው የሰጡት ስም ስንት ዓመት ቆይቶ ተለወጠ።

ባለ አምባሩ ምን ይመስላል? ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ይወጣል። ቆቡ ከማር እስከ ቡና ቀለም ነው፤ መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ትንንሽ ቅርፊት አለው። ገጾቹ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ሲያረጅ ይጎድፋሉ። እግሩ ላይ አምባር አለው። አሁን ምሳር አምጡና የጉቶውን ቅርፊት ከግርጌው ላጥ አድርጉት። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እንደ ስስ ቆዳ የሚላጥ ነጭ ነገር ካገኛችሁ፣ ሽታውም የእንጉዳይ ከሆነ፣ የዚህ ወገን ትልቁ ምልክት እርሱ ነው።

ይኸ ለገበሬ ከመብል ጉዳይ ይበልጣል። ምክንያቱም ባለ አምባሩ የሞተ እንጨት በመብላት ብቻ አያበቃም። የጉቶው ሥር ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር በተነካካበት በኩል ይሻገራል። በሕያው ዛፍ ቅርፊት ሥር ገብቶ ዙሪያውን ይበላል። ዛፉ መጀመሪያ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይገረጣል፣ ቆይቶ ይደርቃል። ቡና ከሆነ ግርጌው ላይ ይሰነጠቃል። ሰው ቅጠሉን እያየ «ምን ነካው?» ይላል፤ ጠላቱ ግን ከዓመታት በፊት የቆረጠው የዛፍ ጉቶ ውስጥ ነው።

ምን ያህል ሊስፋፋ ይችላል? በአሜሪካ ኦሬገን በሚባል አገር፣ ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ እንጉዳይ ከመሬት በታች 965 ሄክታር ደን ውስጥ ተዘርግቶ ተገኝቷል። በእኛ ልክ 3860 ቃዳ መሆኑ ነው። አንድ ብቻውን! ዕድሜው ቢያንስ 2000 ዓመት እንደሚሆን ይገመታል። ከላይ የሚታየው ግን በየዓመቱ ብቅ የምትለው ቆብ ብቻ ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቆቡን መርገጥ ምንም አይጠቅምም። ጉቶውን ከነሥሩ ነቅሎ ማውጣት ነው። ቡና ወይም ኮክ ልትተክሉ ባሰባችሁበት ቦታ ላይ ባለ አምባሩ የበቀለበት ጉቶ ካለ፣ ጉቶው ሳይወጣ አትትከሉ። ዲከረንስ ቆርጦ ጉቶውን ለማገዶ ነቅሎ የሚያወጣ ገበሬ፣ ባያስበውም መሬቱን ከዚህ ይጠብቃል። በማላዊ የሻይ እርሻዎች ደግሞ በ1930ዎቹ (በፈረንጅ) የተጀመረ ዘዴ አለ። ዛፉ ከመቆረጡ አስቀድሞ ግንዱን ዙሪያውን ልጡን ይልጡታል። ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር መውረዱ ይቋረጣል። ሥሩ ያጠራቀመውን ጨርሶ ይራባል። ከዚያ ዛፉ ሲቆረጥ፣ የቀረው ጉቶ ለባለ አምባሩ ምግብ የማይሆን ባዶ ጎተራ ነው። ብልህ ዘዴ ነው፤ መታገሥ ብቻ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ላሳስብ። በ2010ዎቹ ዓመታት የአዊን ዲከረንስ ያወደመውን የዝገት በሽታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጉቶ ላይ እንጉዳይ ያየ ሰው «ያ በሽታ ይኸው ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ዝገቱም የእንጉዳይ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሕያው ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ነው፤ ቆብ አያወጣም፤ በነፋስ ይጓዛል። ጉቶ በመንቀል አይመለስም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

አሁን ወደ መብሉ ልመለስ። እማማ ያመጡትም እንጉዳይ ቀለሙ ማር ነበር። ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ የወጣ ነበር። እግሩ ላይ ቀጭን አምባር ነበረው። ባለ አምባሩን አስቀድመን ተምረን ስለነበር ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እርሱ ነው!» አለ። እኔ ግን ስድስተኛው ቃል ቀርቷል አልኳቸው።

ዱቄት። እንጉዳይ ዘሩን የሚበትነው ከገጾቹ መካከል ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንዱ ለብቻው በዓይን አይታይም። ሲጠራቀም ግን ዱቄት ሆኖ ይታያል፤ ቀለምም አለው። የዱቄቱ ቀለም እንደ ቆቡ ቀለም በዝናብ አይለወጥም።

አደራረጉ ቀላል ነው። አንድ ጤናማ ቆብ እግሩን ከሥሩ ቆርጣችሁ ጣሉ። አንድ ነጭ የደብተር ወረቀትና አንድ ጥቁር ፌስታል ጎን ለጎን አንጥፉ። ቆቡን፣ ግማሹ በነጩ ግማሹ በጥቁሩ ላይ እንዲያርፍ፣ ገጾቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ድፉት። ነፋስ እንዳይነካው በብርጭቆ ወይም በጣሳ ክደኑት። ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት ቀስ ብላችሁ አንሡት። ነጭ ዱቄት ከሆነ በጥቁሩ ላይ ታዩታላችሁ፤ ጠቆር ያለ ከሆነ በነጩ ላይ። በጥቁር ፌስታል ፋንታ በከሰል የተቀባ ወረቀት እናድርግ ያሉኝ ነበሩ። አይሆንም፤ የከሰሉ ብናኝ ያምታታል። ስትነኩት ደግሞ አትፍሩ። የሚመርዘው ወደ አፍ የገባው እንጂ በእጅ የተነካው አይደለም። ብቻ ከምግብ ቦታ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ስትጨርሱም እጃችሁን ታጠቡ።

ባለ አምባሩ የሚጥለው ዱቄት ነጭ ወይም ወተት የመሰለ ነው። በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ግን የበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅል፣ ጋሌሪና የሚባል ሌላ እንጉዳይ አለ። ትንሽ ነው፣ ቡናማ ነው፣ እርሱም እግሩ ላይ አምባር አለው። ባለ አምባሩ ነው ብሎ የሚለቅመው ሰው አለ። ጋሌሪና የሚጥለው ዱቄት ግን እንደ ዛገ ብረት ቡናማ ነው። ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አለበት፤ ይገድላል።

በማግስቱ ማታ ክፍላችን ተሰበሰበ። ብርጭቆውን ያነሡት እማማ ራሳቸው ናቸው። በጥቁሩ ፌስታል ላይ ምንም አልታየም። በነጩ ወረቀት ላይ ግን ገጾቹ መስመር በመስመር ታትመው ነበር። ቀለሙ ዝገት ነው። ክፍሉ ዝም አለ። ትክክለኛ ስሙን አላወቅንም። ባለ አምባሩ አለመሆኑን ግን አወቅን፤ ለእማማ የልጅ ልጆች ያ ይበቃ ነበር።

ዱቄቱ ነጭ ቢሆንስ ይበላ ነበር? አይበላም። ነጭ ዱቄት የሚጥል መርዘኛ እንጉዳይም አለ። ያ ከረጢት ያለው ገዳይ ዱቄቱ ነጭ ነው። ባለ አምባሩንም ቢሆን የሚበሉት አገሮች አጥብቀው ቀቅለው ነው፤ ያም ሆኖ ሆዱ የሚታመም ሰው አለ። ጎረቤቶቻችን ጉሙዞችም ሆኑ በደቡብ ምዕራብ ያሉት የከፋ ሰዎች ከጫካ እንጉዳይ ለቅመው ይበላሉ። እነርሱ ግን የትኛውን እንደሚለቅሙ ከእናትና ከአያት በእጅ ተምረውታል። እኛ ለጉቶው እንጉዳይ እንዲህ ያለ ትምህርት አልወረስንም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸ ነው፦ የጉቶውን እንጉዳይ አንብቡት፣ ጻፉት፣ ድስት ውስጥ ግን አትጨምሩት።

ሰዎች የሚሏቸውን ማረጋገጫዎች ደግሞ እንይ። «ትል የበላው ሰውን አይጎዳም» የሚል አለ። ሐሰት ነው፤ ትሉን የማይነካው መርዝ ሰውን ይገድላል። «ከብር ጋር ቀቅለው፤ ብሩ ካልጠቆረ ብላው» የሚል አለ። ይኸም ሐሰት ነው። «ቢቀቀል፣ ቢደርቅ መርዙ ይወጣል» የሚል አለ። የጋሌሪና መርዝ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም። «መርዝ ይመራል» የሚልም አለ። ገዳዩን በልተው የተረፉ ሰዎች ጣዕሙ ጥሩ እንደነበረ ተናግረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን «ከእንጨት የበቀለ አይገድልም» የሚለው ነው። ከእንጨት የሚበቅለውን ገዳይ አሁን ነገርኳችሁ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። እነዚህን መርዞች ክፉ የሚያደርጋቸው አመጣጣቸው ነው። የበላው ሰው ወዲያው አይታመምም። ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ማታ የበላ ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ጠዋት ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ይሻለዋል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። መርዙ ግን ያን ጊዜ ጉበቱን እየበላው ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ስለዚህ አንድ ልጅ የማይታወቅ እንጉዳይ መብላቱን ካወቃችሁ፣ እስኪታመም አትጠብቁ። ታሞ ተሻለው ብላችሁም አትቅሩ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወተት፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት እያላችሁ ቤት ውስጥ ሰዓት አታጥፉ። የተረፈውን እንጉዳይ፣ የተጣለ ቁራጭም ቢሆን፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ። አብረውት የበሉ ልጆች ካሉ ሁሉንም ውሰዱ። እናንተ ደግሞ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እንጉዳይ የበላው ትናንት ማታ በአንድ ሰዓት። የበላው ሦስት ቆብ። ማስመለስ የጀመረው ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት። እንጉዳዩ የበቀለው ጉቶ ላይ።»

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይኸንኑ ነው። የደነገጠ ሰው ሰዓት ያሳስታል፤ ወረቀት አያሳስትም።

የከተማው ሆቴል እንጉዳይስ? ለእማማም የመለስኩት ይኸን ነው። እርሱ ከጫካ የተለቀመ አይደለም። ከታወቀ ዘር፣ በቤት ውስጥ፣ ሰው ያበቀለው ነው። በአገራችን ከሚበቅሉት አንዱ ኦይስተር የሚባለው ነው። በተፈጥሮው እርሱም የሞተ እንጨት ላይ የሚበቅል ነው፤ ቆቡ እንደ ጆሮ ወይም እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ አምባር የለውም፣ ገጾቹ በእግሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። አብቃዮቹ ገለባ ቆራርጠው፣ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃ አጽድተው፣ በፌስታል ጠቅጥቀው ዘሩን ይዘሩበታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ገለባ አልጠፋም። ለጾም እንጉዳይ ያማረው ሰው የታወቀ ዘር ፈልጎ እንዲህ ማብቀል ይሻለዋል። ጥሩ ወጥ ይወጣዋል፤ ከበርበሬና ከሽንኩርት ጋር ሲሠራ ሥጋ ያስንቃል የሚሉ አሉ። እኔ እንኳን ሥጋውን እመርጣለሁ።

አሁን የዛሬውን የቤት ሥራ ልስጥ። ከቤታችሁ አጠገብ እንጉዳይ የበቀለበት አንድ ጉቶ ፈልጉ። ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እነርሱም ቢያዩ ይሻላል። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ላይ ከዚህ በታች እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ይህ የእኛ ክፍል የጻፈው ነው፦

«ቀን፦ ነሐሴ 6።
ቦታ፦ ጥሊሊ፣ ከወንዙ በላይ፣ ከአጥር ሥር።
ጉቶ፦ የባሕር ዛፍ፤ የበሰበሰ።
ቆብ፦ ማር የመሰለ፤ ቅርፊት የለውም።
ገጽ፦ ቢጫ፤ ከእግሩ የተጣበቀ።
እግር፦ ከመካከል፤ አሥራ አንድ ከአንድ ሥር።
አምባር፦ አለው፤ ቀጭን።
ዱቄት፦ »

የመጨረሻውን ቦታ ባዶ ተዉት። ማታ ቆቡን ወረቀቱ ላይ ድፉና ተኙ፤ ጠዋት ብርጭቆውን ስታነሡ ያያችሁትን ቀለም ጻፉበት።

ደኅና እደሩ።